ስፖንጅ የተለጠፈበት በር

የሻይ ትሪው ከጎረቤቷ እጅ አምልጦ ሲንኳኳ፣ ልጂቱ ሳታስበው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ!» አለች። ወዲያው የመኝታ ቤቱን በር አየችና አፈረች። የሚደነግጠው ሰው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«አባቱን እንዳንቺ ያስታመመ የለም» ይሏታል ለቀስተኞቹ። ይህን በሰማች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ በሹክሹክታ ነው የኖረው። የአባቷ ልብ ደክሞ፣ ምቱ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይዘላል። ሐኪሙ እንዳስረዳት፣ ልብ ሲደክም ነርቮች ይበልጥ ያጣድፉታል፤ የዛለ በቅሎ በጅራፍ እንደማስሮጥ ማለት ነው። መድኃኒቱ ጅራፉን ለማብረድ ነበር። እሷ የያዘችው ግን አንድ ነገር ብቻ፣ አይደንግጥ። የደጁን ደወል ነቀለች፣ ስልኩን ድምፅ አሳጣች፣ በመኝታ ቤቱ በር ጠርዝ ላይ ስፖንጅ ለጠፈች። ያውም አርባ ዓመት ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ለኖረ ሰው።

የመጨረሻው ሐሙስ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች። አባቷ ወርክሾፕ ደርሼ ልምጣ አላት፤ ተጨቃጨቁ። «ሞትህን ከፈለግህ ሂድ!» ብላ በሩን ወረወረችው። ስፖንጁ እንኳ ድምፁን አልቻለውም። አባቷ ከውስጥ ሳቀ።

«በሩ ምን አደረገሽ?»

መድኃኒቱን ልትገዛ ወጥታ ከፋርማሲ ስትመለስ አባቷ ሞቶ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት እያለች ሦስት ቀን ለብቻዋ ተብሰለሰለች።

የአባቷ የሥራ ባልደረባ፣ ሽማግሌው በያጅ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዳትቀየሚኝ ልጄ። ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ሥራ ስትገቢ እኛ ጋ ይመጣ ነበር። መዶሻ አይነካም፤ ጥግ ይዞ ያዳምጣል። ‹ቤት ጸጥ ሲል የልቤን መዛነፍ ብቻ ነው የምሰማው፣ እዚህ ግን ይጠፋኛል› ይለን ነበር።»

ልጂቱ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞረች። ከዚያ በሩን ወርውራበት እንደነበር ነገረችው።

«ምን አለሽ?»

«ሳቀ።»

ሽማግሌው ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ድምፅ ናፍቆት ነበራ» አለ።

አመነችው አይባልም፤ ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አምርራ አለቀሰች።

ለቀስተኛው ሲበተን ስፖንጁን በጥፍሯ ፍቃ አነሳችው። ውጭ ቆማ በሩን እንደዚያ ቀን ወረወረችው፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ ቆየች።