ሰው ፊት የማይነገር ቃል

ሥራ አስኪያጁ ሲቆጣ አገጩ ሥር ያለው ሥጋ ይነፋል። በር ሲንኳኳ ይቆጣል፤ ሳይንኳኳም ይቆጣል። ያን ዕለት የተቆጣው በኮምፒውተር ባለሙያዋ ላይ ነበር።

ባለሙያዋን መሥሪያ ቤቱ ፍሬን የለሽ ይላታል፤ ምላሷ ቁልቁለት ላይ የተለቀቀ መኪና ነውና። በስብሰባ መሃል ኮምፒውተርዎ የሚዘገየው ካርታ ስለሚጫወቱበት ነው ካለችው ወዲህ ሰበብ ሲፈልግላት ከርሞ አሁን አገኘ። መሥሪያ ቤቱ የቀለም ፋብሪካ ነው፤ የአምስቱ ቅርንጫፎቹ ኮምፒውተሮች ከዋናው ቢሮ ሆኖ በሩቅ ይከፈታሉ። ድሮ የይለፍ ቃላቸው ከአንድ እስከ አራት መቁጠር ለቻለ ሁሉ የተበረገደ በር ስለነበር፣ በቅርቡ ሁሉም እንዲቀይሩ አድርጋለች። እሱ ደግሞ ፊቴ ተቀምጠሽ አምስቱንም ሞክሪ፣ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ወደ ሩቁ መጋዘን ትዛወሪያለሽ አላት።

መጋዘኑ ከከተማው የትና የት ነው። እናቷ አልጋ ላይ ናት፤ ከሷ በቀር የሚያገላብጣት የለም። ይህን ሰውየው ያውቃል። ባያውቅማ ይቅር ይባልለት ነበር።

ለየቅርንጫፉ ሠራተኛ እየደወለች የይለፍ ቃላቸውን ጮክ ብለው እንዲነግሯት፣ እሱም እንዲሰማ አዘዘ። የይለፍ ቃል ለሰው አይነገርም ብትለው፣ ከእኔ የሚሰወር ምስጢር እዚህ ቤት የለም ብሎ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተው።

የመጀመሪያዋ የአንዱ ቅርንጫፍ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት። አለቃዋ እየሰማ መሆኑን ስታውቅ ረሳሁት አለች፤ እርጅና ነው ጌታዬ፣ ብላ። ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። ሁለተኛው ሳል ያዘው። ሦስተኛው መስመሩ ተቆራረጠብኝ ብሎ ዘጋ፤ እንደ ደወል ጥርት ያለ መስመር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ተለጠጠ።

ፍሬን የለሽ ያኔ ገባት። የመከረቻቸው ራሷ ናት፦ የልጅ ስም አታድርጉ፣ የልደት ቀን አታድርጉ፣ ሰው ፊት ከቶ የማትናገሩትን ቃል አድርጉ። እነሱም ቃል በቃል ሰሟት። በዚያ መሥሪያ ቤት ሰው ፊት የማይነገር፣ ከኋላ ግን ቀን ሙሉ የሚነገር ቃል አንድ ብቻ ነው።

"ሳይነግሩኝ ብከፍተውስ?" አለችው።

"ጠንቋይ ከሆንሽ ክፈቺው።"

ሦስቴ ከተሳሳተች ኮምፒውተሩ ይቆለፋል። ጣቷን አፍታታችና "ጉርጥ" ብላ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ ነጥብ ነጥብ ብቻ ታየ። ተከፈተ። ሁለተኛውም በዚያው ተከፈተ። ሦስተኛው እምቢ አለ። እንደገና ብትሞክርም እምቢ። አንድ ዕድል ቀራት። የዚያ ቅርንጫፍ ሰውዬ አንቱ ሳይል ድመት እንኳ የማያባርር ጨዋ መሆኑ ትዝ አላትና "ጋሽ ጉርጥ" ብላ ጻፈች። ተከፈተ። አራተኛውም አላስቸገራትም።

የሥራ አስኪያጁ ፊት ጠቆረ። ምንድን ነው የምትጽፊው ቢላት፣ የባለቤቶቹ ምስጢር ነው አለችው። ይህማ እውነት ነው። አምስተኛው ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዧ የገዛ ሚስቱ ናት፤ እሷ ከእኔ አትደብቅም ብሎ ራሱ ደወለላት።

"ያንቺ የይለፍ ቃል ምንድን ነው?"

"ሰው አለ እንዴ አጠገብህ?"

"ባለሙያዋ ብቻ ናት።"

"እሷማ ታውቀው የለም እንዴ፤ ጉርጥ ነዋ። ሁላችንም ያው ነን። በል አንጀትህን አታሳርር፣ ወረፋ አለብኝ" ብላ ዘጋችው።

ፍሬን የለሽ በሕይወቷ እንደዚያ ምላሷን ነክሳ አታውቅም። ጻፈች፤ ተከፈተ። የሰውየው አገጭ መነፋት ጀመረ። ራሱም ታወቀውና በመዳፉ ሸፈነው።

"ነገ ሁሉም ይቀይሩ" አለ ከመዳፉ ሥር።

"እሺ ጌታዬ። ለምን ቢሉኝ ምን ልበላቸው?"

ሁሉም ቢከፈትም ሊያዛውራት ቢል፣ ለበላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሳያስብ አልቀረም።

"ተይው" አላት፤ "የይለፍ ቃሉንም ዝውውሩንም ተይው።"

በዚያ ቀን እናቷ ዘንድ በጊዜ ገባች። በሩን ሳትዘጋው ሳቋ አመለጣት። አሮጊቷ ምን አገኘሽ ብትላት፣ ለማውራት እንኳ ትንፋሽ አጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።