ያለ ፍሬን

አቶ መለሰ መዋሸት ያቆሙት በጥር አሥራ ሁለት፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በገንዳ ውሃ ከተማና በዙሪያዋ ካሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች መካከል እንደ እሳቸው የሰለጠነ ውሸታም አልነበረም፤ ይህንንም የሚመሰክሩት ጠላቶቻቸው ሳይሆኑ ያስታረቋቸው ሰዎች ናቸው። አንዱን ባለጉዳይ ወደ ጥላ ወስደው «ያ ሰው እኮ ያንተ ስም ሲነሳ ከቃሉ እንባው ይቀድማል» ይሉታል፤ ሌላውን ወደ ሌላ ጥላ ወስደው ያንኑ ይደግሙለታል። ሁለቱ ሰዎች አንዳቸው ስለ ሌላው አልቅሰው አያውቁም። ቢሆንም ተቃቅፈው ይላቀሳሉ፤ በግ ይታረዳል፤ አቶ መለሰም ምርቃታቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

በዚያን ዕለት ጠዋት ግን የሰሊጥ እርሻ ባለቤት የሆነው አቶ ደሞዝ አዲስ ኮት ለብሶ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ገባና «ጋሼ፣ እንዴት ነው? አማረብኝ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ኮቱ ያምራል» አሉ አቶ መለሰ። «ውስጡ ያለው ሰውዬ ግን ሲያወራ እንቅልፍ ያመጣብኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አምጥቶብኛል።»

ደሞዝ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አቶ መለሰ አልሳቁም። ሚስታቸው ዝናሽ የያዘችውን ሳህን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

ከተማው ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። አቶ መለሰ በዋዜማው፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጥምቀተ ባሕሩ ውሃ በደንብ ተረጭተዋል፤ ስለዚህ ጸበሉ አንደበታቸውን ከፍቶታል። ይህን ፍርድ አጥብቆ ያሰራጨው ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ አገሩ ሳይመለስ የቀረው ዋለ ነበር። «ሰውዬው እኮ አሁን መስታወት ናቸው!» እያለ በየሻይ ቤቱ ዞረ። በሳምንቱ በአቶ መለሰ በር ላይ ለመሰደብ የሚጠባበቅ ሰልፍ ተፈጠረ። የተሰደበው ሁሉ በረከት እንዳገኘ ሰው ፊቱ በርቶ ይወጣል።

ዝናሽም የድርሻዋን አገኘች። አንድ ቀን ምሳ ላይ አቶ መለሰ ሁለት ጊዜ ጎረሱና «ወጥሽ ጨው ይበዛዋል» አሏት። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዝቶታል።»

አልተቆጣችም። የሃያ ዘጠኝ ዓመት «እጅሽ ይባረክ» በአንድ ጉርሻ ሲናድ ስታይ፣ ከጨው የሚበልጥ ሌላ ነገር ነው ትዝ ያላት። አቶ መለሰ በጉብዝናቸው ወራት ወደ አባቷ ቤት ሽማግሌ ሲልኩ የተጠየቀችው ታላቅ እኅቷ ውባንች ነበረች። ውባንች ግን ልቧ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ስለ ነበር በመጋረጃው በኩል እምቢ ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን መመለስ አፈሩ፤ ከተቀመጡበት ሳይነሡም «እንግዲያው ታናሺቱን» አሉ። አቶ መለሰ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ሽማግሌዎቹ ስም ተሳስተው ነው እንጂ እኔስ የላክኋቸው ላንቺ ነበር።» ዝናሽ የባሏን ሙያ ስለምታውቅ ይህን ቃል አምናውም ክዳውም አታውቅም። አሁን ግን ጠይቃ እውነቱን መስማት ትችላለች። በሩ ተከፍቷል።

ለመጠየቅ ድፍረት በምትሰበስብበት ሐሙስ ዕለት የአቶ መለሰ የእኅት ልጅ ወንጌል ከጎንደር መጣች። ወንጌል ሐኪም ናት። አጎቷ «ከስተሻል፤ አያምርብሽም» ብለው ሲቀበሏት ከስድቡ ይልቅ አረማመዳቸውን አስተዋለች። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ አዘዘቻቸው። ቀኙ እጅ እንደ ተዘረጋ ቀረ፤ ግራው ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ።

«ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር?» ብላ ዝናሽን ጠየቀቻት።

«በኅዳር» አለች ዝናሽ። «ሰሊጥ ሲጫን ቆመው ሲያዩ ከተሳቢው ብረት ጋር ተላተሙ። ግን ደም እንኳ አልወጣቸውም።»

«የወጣው ወደ ውስጥ ነዋ። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ቀስ በቀስ ሲጠራቀም የከረመ ይመስለኛል። የሚጫነውም የአንጎሉን የፊት ክፍል ነው።»

«ያ ክፍል ሥራው ምንድን ነው?»

«ብዙ ነው። አንዱ ግን ፍሬን መሆን ነው፣ እትዬ። ሐሳብ ከሥር ድንገት ይነሣል፤ እሱ ደግሞ ‹ቆይ፣ ሰው ይሰማሃል› ይለዋል።»

«እንግዲያው እውነቱ ከሥር ነበራ?»

«ፍሬን የሌለው መኪና መንገድ የሚያውቅ ይመስልሻል? እሱ የሚያውቀው ቁልቁለት ነው።»

ዝናሽ ከዚህ ንግግር የሰማችው ግማሹን ብቻ ነው። ወንጌል ቀጠለች። በጎንደር ጭንቅላቱ በመሣሪያ ይታያል፤ ደሙ ካለ ቅሉ በትንሹ ተበስቶ ይፈሳል፤ ከዚያ በኋላ ብዙው ሰው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ካልፈሰሰ ግን ይገድላል።

«ወደ ቀድሞ ጠባዩ» አለች ዝናሽ።

«አዎ። ነገ በመጀመሪያው አውቶብስ እንሂድ።»

«ቅዳሜ ሽምግልና አለባቸው። ከዚያ በኋላ ይሁን።»

ወንጌል ክንዷን ያዘቻት። «እጁ ከዚህ ከባሰ ወይም እንቅልፍ ካበዛ አንዲት ሰዓት አንጠብቅም። ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሽምግልናው ሰበብ እንደ ሆነ ዝናሽ ራሷ ታውቀዋለች። የባሏን ጭንቅላት ለአንድ ጥያቄ አስይዛ ሁለት ቀን ተበድራለች። ዓርብን በሙሉ አፏን በከፈተች ቁጥር ሰልፈኛ እየገባ አቋረጣት። አንድ የባጃጅ ሹፌር እንዲያውም የተነገረውን ስድብ እንዳይረሳው በስልኩ ቀድቶ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉዳዩ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተያዘ። ከሳሹ ደረበ የደሞዝ የእርሻ ጎረቤት ነው። የደሞዝ ትራክተር የድንበሩን ድንጋይ ገልብጦ መሬቴን አርሶብኛል ይላል። ከደሞዝና ከደረበ ዘመዶች ሌላ ግማሽ ከተማ ተሰብስቧል፤ መስታወቱን ለማየት። አቶ መለሰ ሁለቱንም እንደ ልማዳቸው ለየብቻ ወደ ሌላ ጥላ አልወሰዱም።

«መሬቱ የደረበ ነው» አሉ ገና እንደ ተቀመጡ።

ሰዉ አጉረመረመ። ደሞዝ ብድግ አለ። «በምን ማስረጃ፣ ጋሼ?»

«ድምፅህ ጆሮዬን ያመኛል።»

«ምሥጢር አለው!» ብሎ ጮኸ ዋለ ከኋላ። «ዝም ብላችሁ ስሙ፣ ምሥጢር አለው!»

ደረበ ደስታውን ደብቆ ሳይጨርስ በኪሱ ያለው ስልክ በሱዳን ዘፈን አንባረቀ። አቶ መለሰ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«መሬቱ የደሞዝ ነው» አሉ።

«እንዴ! አሁን የኔ ነው አላሉም ነበር?»

«ስልክህ እስኪጮህ ድረስ ነበር።»

ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ይተረጉም ጀመር። አንዱ ወገን ድምፅ የተባለው የትራክተሩ ድምፅ ነው አለ፤ ሌላው ስልኩ የሰማይ ምልክት ነው አለ። ዝናሽ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ የባሏን ፊት አየች። በመጀመሪያውም ፍርድ በሁለተኛውም ያው የረጋ፣ ያው የተማመነ ፊት ነበር። ነገሩ አላማራትም። ከምሳ በኋላ ይቀጥላል ተብሎ ሰዉ ተበተነ።

ቤት ገብተው ብቻቸውን ሆኑ። ዝናሽ ምሳቸውን አቀረበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። የምትለውን ሌሊቱን ስታስተካክል ብታድርም ከአፏ የወጣው አጭሩ ነበር።

«ያኔ የፈለጉት ማንን ነበር? እኔን ወይስ ውባንችን?»

«ውባንችን» አሉ አቶ መለሰ፣ ማኘካቸውን ሳያቋርጡ።

«ይህን ሁሉ ዘመን?»

«ጥርሷ ያምር ነበር።»

ዝናሽ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ከበርሜሉ ውሃ ጨልፋ ፊቷን ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ስታለቅስ አልነበረም፤ የሙቀቱ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። የምትፈልገውን አግኝታለች። ሰው የጠየቀውን ሲያገኝ ደስ ሊለው ይገባል። ለባሏ የሚጠጣ ውሃ በጣሳ ቀድታ ተመለሰች፤ ከበሩ ሳታልፍም ያላሰበችው ጥያቄ አመለጣት።

«ሽማግሌ የላኩት ለማን ነበር?»

«ላንቺ ነዋ።»

«አሁን ውባንች ናት አላሉኝም?»

«ያን ጊዜ ጥርሷ ታይቶኝ ነበር። አሁን ደግሞ አንቺ ውሃ ይዘሽ መጣሽ፤ ጠምቶኛል።»

በኒሙ ሥር ያየችው ያው ፊት ነው። ዝናሽ ጣሳውን እንደ ያዘች ቆመች። ይህ ሰው በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያንን «ስም ተሳስተው ነው» የሚለውን ቃል ሲታመም፣ ሲቆጣ፣ ጠጥቶ ሲገባ፣ ሰሊጡ ሲከስርበት አንድ ጊዜ እንኳ አዛንፎት አያውቅም። ዛሬ ግን አንድ ምሳ እስኪበላ ድረስ ሁለት ሚስት ፈለገ።

«ይጠጡ» አለችና ጣሳውን ሰጠቻቸው።

በግራ እጃቸው ተቀበሏት። ጣሳው ወዲያው ወደቀ፤ ውሃው በምንጣፉ ላይ ሄደ። አቶ መለሰ እጃቸውን ጎረቤት ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ትኩር ብለው አዩት። ከዚያም የዓይናቸው ቆብ ከበደና በተቀመጡበት አንገታቸውን ደፉ።

«አንቱ ሰው!»

«እምም» አሉ፣ ሳይነሡ።

ከደጅ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ደሞዝና ደረበ ደጋፊዎቻቸውን አስከትለው ሦስተኛውን ፍርድ ሊሰሙ መጥተዋል፤ ዋለም ከፊት ሆኖ ሥርዓት ያስይዛል። ወንጌል በሰዉ መካከል እየተጋፋች ወደ በሩ ስትመጣ ዝናሽ ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃ ደፉ ላይ ቆመች።

«ሽምግልናው ተዘግቷል» አለች። «ደሞዝ፣ መኪናህን አስነሣ። ደረበ፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ራሳቸውን ደግፈህ ትይዛለህ። ስልክህን አጥፋው። አሁኑኑ ወደ ጎንደር እንሄዳለን።»