መርከበኛዋ

አባታችን ፑል ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ ገባ ብሎ ጥጉ ላይ፣ አንዲት የእንጨት አሻንጉሊት የቆመችበት ባለመስታወት ሣጥን ነበረው። ሳንቲም ሲጎርስ ውስጡ ይንኳኳና አሻንጉሊቷ ቀሚሷን እያወዛወዘች ትደንሳለች። አባዬ “ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣች ናት” ስለሚል ደንበኞቹ “መርከበኛዋ” ይሏታል።

አባዬ ሲሞት ቤቱን መልቀቅ ነበረብን። አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ሣጥኑን ሊገዛን ፈለገ፤ ግን የት አገር እንደተሠራ ካልታወቀ ንክች እንደማያደርገው ነገረን። ስለዚህ የድሮ ማሽን የሚመረምሩ አንድ ሽማግሌ ጠራሁ። ታላቅ እህቴም መጣች፤ እሷን ያመጣኋት በስንት ልመና ነው። ከአባዬ ጋር እንደተኳረፉ ነው የተለያዩት። ቀብሩ ላይ እንኳ ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር የቆመችው።

ሽማግሌው የኋላ ክዳኑን ፈተው ባትሪ አበሩበት።

“የፋብሪካ ምልክት የለውም፤ ብሎኑም ከየቦታው የተለቃቀመ ነው” አሉ። “ልጆቼ፣ ይቺ እንኳን መርከብ ጀልባም አላየች። በእጅ የተሠራች ናት።”

ሳቄ አመለጠኝ። ለካ አባዬ ያን ሁሉ ሰው ሲሸውድ ነው የኖረው!

“የሚያንቀሳቅሳት ደግሞ የስፌት መኪና ነው። ያውላችሁ መዘውሩ፤ ጠርዙ ተሸርፏል።”

እትዬ ባትሪውን ተቀብላቸው ጎንበስ አለች። እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ሽርፋቱን ዳበሰችው።

“እኔ ነኝ የሸረፍኩት” አለች። “ልጅ ሆኜ ጥዬው። እማዬ አልተቆጣችኝም።”

እማዬ ስትሞት እኔ ገና ጡት አልተውኩም፤ እትዬ ግን ነፍስ አውቃለች። ከቀብር መልስ የስፌት መኪናውን ከቦታው ስታጣው አባዬ “ሸጥኩት” ብቻ ብሏት ወጣ። “የእናቴ አፈር ሳይደርቅ!” እያለች ነው ያደገችው።

“ለምን ዋሸኝ?” አለች አሁን።

“እንጃ ልጄ” አሉ ሽማግሌው መነጽራቸውን እያወለቁ። “ቤት ውስጥ ማየቱ ከብዷቸው ይሆናል። መሸጡም አላስችል ብሏቸው።”

“ታዲያ አይነግረኝም? አፍ የለውም?” ብላ ሣጥኑን በመዳፏ መታችው። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሰብሳቢው እዚሁ የተሠራ መሆኑን ሲሰማ ተወው፤ ቢፈልገውም አንሰጠውም ነበር። ሣጥኑን እትዬ ሳሎን ውስጥ አቆምነውና ሳንቲም ከተትኩበት። የመኪናው ድምፅ ሲጀምር እትዬ ዓይኗን ጨፈነች። ቀናሁባት። እኔ የእማዬ ነገር አንድም ትዝ አይለኝም።

“እትዬ፣ እማዬ ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር?” አልኳት።

ብዙ አሰበች።

“ጠፋብኝ” አለችኝ በመጨረሻ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። “አባዬ ነበር የሚያውቀው።”