የጣሳው ሚስማር

በ1998 ዓ.ም. ወልቂጤ ውስጥ መብራት ጠፋ ቢባል ዞር ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። የዚያን ሰኞ ግን የጠፋው ክፉ ሰዓት ላይ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍሎች የሥነ ዜጋ ትምህርት በፕላዝማ እየተከታተሉ ነበር። ያ ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን አስተማሪ መቼም ተማሪው ገባው አልገባው ደንታ የለውም፤ እንግሊዝኛውን ያንበለብልና ሰዓቱ ሲያልቅ ጥሎ ይሄዳል። የዚያን ቀን ግን ለሁሉም ገብቷቸው ነበር። የታየው ፎቶግራፍ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

አራት ጥቁር ወጣቶች አሜሪካ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብተው ባንኮኒው ፊት ተቀምጠዋል። ተማሪዎች ናቸው። ከዚያው ሱቅ ደብተርም ሳሙናም መግዛት ይችላሉ፤ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ግን ለነጭ ብቻ ነው። አዘዙ፣ አይቻልም ተባሉ፣ አልተነሱም። በማግስቱ ሌሎች ተጨመሩ። ከዚያ ደግሞ ከኋላ የቆሙ ጎረምሶች ስኳርና ድልህ አናታቸው ላይ ሲያፈሱባቸው ታየ፤ እነሱ ዞር እንኳ አይሉም። ደብሪቱ አፏን ከፍታ «እሺ፣ ከዚያስ?» ስትል ድርግም! መብራት ጠፋ።

«ቲቸር፣ ምን ሆኑ? ተሳካላቸው?» ብላ ጮኸች።

መምህር አሚኑ የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል ሰው ነው። «መጨረሻውን በደንብ አላውቀውም፤ አንብቤ እነግራችኋለሁ» አለ።

ደብሪቱ ግን የምትጠብቅበት ትዕግሥት አልነበራትም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባቷ ሸረፋ እንጨት ሠሪ ነው። በጉራጌ አገር የቤት ምሰሶ የሚያቆሙት፣ ጣሪያ የሚያዋቅሩት፣ አልጋ የሚጠርቡት የእሱ ወገኖች ናቸው። ሰዉ ፉጋ ይላቸዋል፤ ሲላቸውም ከንፈሩን ጠምዘዝ አድርጎ ነው። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ ይሠሩታል፤ በሩን ሰቅለው ከወጡ በኋላ ግን ደጃፉን አያልፉም። እጃቸው የነካው ዕቃ ይረክሳል ይባላላ! ምሰሶው አይረክስም፣ ብርጭቆው ይረክሳል። እስቲ ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን የእትዬ ዓለምዘውድን ሻይ ቤት የሠራው ሸረፋ ነው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። በሩ መቃን ላይ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ ዝገት የበላት የድልህ ጣሳ ተንጠልጥላለች። ደብሪቱ ሻይ ስትፈልግ ጣሳዋን ታነሳለች፣ ከውስጥ ይቀዳላታል፣ ውጪ ቆማ ትጠጣለች። ያውም ሚስማሩ ዝቅ ብሎ የተመታ ነውና ቁመቷ ከረዘመ ወዲህ ጎንበስ ማለት ነበረባት። የሚገርመው እሁድ እሁድ እትዬ ዓለምዘውድና ደብሪቱ በአንድ ጸሎት ቤት፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አብረው ይዘምራሉ። ሰኞ ጣሳዋ ቦታዋ ላይ ናት።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ደብሪቱ ጓደኛዋን ሃሊማን ክንዷን ያዘቻት። «ነገ እገባለሁ።»

«የት?»

«እትዬ ዓለምዘውድ ቤት። ቁጭ ብዬ በብርጭቆ እጠጣለሁ።»

«ወላሂ?» አለች ሃሊማ ዓይኗን አፍጥጣ። «በይ እኔም አለሁበት!»

በማግስቱ የጠዋት ፈረቃ ሲለቀቅ አምስት ሆነው ገቡ። ደብሪቱ መሐል ተቀመጠች። የሥነ ዜጋ መጽሐፏን ዘረጋች። እትዬ ዓለምዘውድ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ደብሪቱ፣ የኔ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ያንቺ እኮ በር ላይ ነው።»

«ዛሬ እዚህ ነው የምጠጣው፣ እትዬ።»

አራት ብርጭቆ ሻይ መጣ። ለደብሪቱ ምንም። አራቱ ጓደኞቿ እንደተነጋገሩት እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ከተቱ፤ የሷ ሳይመጣ አንድም ሰው ላይነካ ነው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጥግ ላይ ሳምቡሳውን የሚገምጥ አንድ ሹፌር «አንቺ ፉጋ፣ ውጪልን! ምግባችንን አታበላሺብን!» ብሎ ጮኸ። ከክፍል ጓደኞቿ አንዱ ጀማሉ ደሙ ፈልቶ ብድግ ሲል፣ ደብሪቱ ሸሚዙን ይዛ ቁጭ አደረገችው።

«አትመልስለት! እነዚያ አልመለሱም።»

«እነዚያ መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለ ጀማሉ በሹክሹክታ።

«አላውቅም። አለመነሳታቸውን አይቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል።»

ረቡዕ አሥራ አንድ ሆኑ። እትዬ ዓለምዘውድ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደንበኞቿ አንድ በአንድ እየወጡ ሲሄዱ ግን ተንጨረጨረች። ፖሊስ አስጠራች። ጊዜው ደግሞ የ97ቱ ምርጫ ያለፈበት ሰሞን ነው፤ ሦስት ተማሪ አብሮ ከቆመ አድማ ነው የሚባልበት። ፖሊሱ ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ገባ።

«ምንድን ነው እዚህ የምታደርጉት?»

«ሻይ እየጠበቅን ነው» አለች ደብሪቱ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ሌሎቹ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ። እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ።»

ፖሊሱ ጣሳዋን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ሻይ መጠበቅ የሚከለክል አንቀጽ ከጭንቅላቱ ውስጥ ቢፈልግ አጣ። «እንዳትረብሹ» ብሎ ወጣ። ሃሊማ ሳቋን መያዝ አቅቷት በሻሿ አፏን ሸፈነች።

ሳቁ ግን እስከ ማታ አልቆየም። ደብሪቱ ቤቷ ስትደርስ አባቷ ግቢው ውስጥ አዲስ የተጠረበ ትልቅ ምሰሶ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እትዬ ዓለምዘውድ ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብሬ ላይ በምሰሶ የሚቆም ትልቅ የባህል ምግብ ቤት ልታሠራ ነው፤ ሥራውን የሰጠችው ለሸረፋ ነበር። የዓመት እንጀራቸው ነው።

«ልካብኝ ነበር» አለ ሸረፋ ቀና ሳይል። «ነገ ልጅህን ካላስነሳህ የጉብሬውን እርሳው ብላለች። ስድስት ነፍስ ነው በዚህ እጅ የሚያድረው፣ ደብሪቱ።»

ደብሪቱ ስለ ታናናሾቿ አሰበች፣ ስለ እናቷ አሰበች። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻለችም። «አባዬ፣ ያን ቤት የሠራኸው አንተ ነህ። አንድ ቀን እንኳ ልግባ ብለህ አታውቅም?»

ሸረፋ በአውራ ጣቱ የምሰሶውን አንጓ ዳበሰ። «አንዳንድ የማታውቂው ነገር አለ።»

«እሺ፣ ተነሺ በለኝ። አንተ ካልከኝ እነሳለሁ። የምነሳው ግን ላንተ ብዬ እንጂ ለሷ ብዬ አይደለም።»

ጠበቀች። ሸረፋ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። በመጨረሻ «ነገ እኔው ራሴ እመጣለሁ» ብሎ ተነስቶ ከግቢው ወጣ። ደብሪቱ ሊያስነሳት የሚመጣ መሰላት፤ ቃሏን ሰጥታለችና አለቀሰች።

ሐሙስ ጠዋት መምህር አሚኑ አንድ መጽሐፍ ይዞ ክፍል ገባ። «የአራቱን ልጆች መጨረሻ አግኝቼዋለሁ» አለ ደስ ብሎት።

ደብሪቱ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እባክዎ ዛሬ አይንገሩን። አሸነፉ ካሉን እንዘናጋለን፣ ተሸነፉ ካሉን እንፈራለን። የእኛ ይለቅና ይነግሩናል።»

መምህር አሚኑ መጽሐፉን ዘጋው።

የዚያን ቀን ሻይ ቤቱ በተማሪ ጢም ብሎ ሞላ። ሃያ ምናምን ብርጭቆ ሻይ ሳይነካ ተደርድሯል፤ ደብሪቱ ፊት ብቻ ባዶ ነው። ሹፌሩ እንኳ ዛሬ ዝም ብሎ ያያል። በዚህ መሐል በሩ ጨለም አለ። ሸረፋ ነው፤ የመሣሪያ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ጎሽ ሸረፋ፣ መጣህልኝ!» አለች እትዬ ዓለምዘውድ። «በል ልጅህን ይዘህልኝ ሂድ፤ የጉብሬውን ነገር ደግሞ እንነጋገራለን።»

ደብሪቱ መጽሐፏን አጠፈች። አባቷ አንድ እግሩን አንስቶ ደጃፉን ተሻገረ፣ ከዚያ ሌላውን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላየውን ጣሪያ ቀና ብሎ አየ፤ ወጋግራውን በዓይኑ ቆጠረ። ሄዶ ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«አልተነቃነቀም» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «ደብሪቱ፣ ያን የጣሳ ሚስማር የመታው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

«እኔ ነኝ።»

ደብሪቱ ጆሮዋን አላመነችም።

«በሩን ሰቅዬ ልወጣ ስል ለጣሳ የሚሆን ሚስማር ምታልኝ አለችኝ። የማን ጣሳ እንደሆነ አላጣሁትም። አንቺ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ እጅሽ እንዲደርስ ብዬ ዝቅ አድርጌ መታሁት።» ወደ መቃኑ ጠቆመ። «በገዛ እጄ፣ ለገዛ ልጄ!»

ከከረጢቱ ጉጠት አወጣ፣ ወደ መቃኑ ተመልሶ ጎንበስ አለ፣ የሚስማሩን ራስ በጉጠቱ ነክሶ ሳበው። ሚስማሩ እየጮኸ ወጣ። ጣሳዋ መሬት ወድቃ እስከ መንገዱ ተንከባለለች፤ ማንም አላነሳትም።

«ምን ማድረግህ ነው? አብደሃል እንዴ!» አለች እትዬ ዓለምዘውድ። «የጉብሬው ሥራ ቀረብህ እኮ!»

«ይቅር፣ ዓለምዘውድ» አለ ሸረፋ። እስከ ዛሬ እርስዎ፣ እመቤቴ ነበር የሚላት፤ ስሟን ጠርቷት አያውቅም። «ምሰሶው ግቢዬ ውስጥ ተጋድሟል። የሚያቆምልሽ ሰው ከተገኘ ውሰጂው። ግን በዚህ አገር ምሰሶ የሚያቆመው ሁሉ ወይ ወንድሜ ነው ወይ የአጎቴ ልጅ። ትናንት ማታ ሁሉም ጋ ደርሻለሁ። የሚያቆም የለም።»

እትዬ ዓለምዘውድ ሹፌሩን አየችው፣ እንዲረዳት። ሹፌሩ ሳያስበው ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ ነበር። እሷም ቀና አለች። ምሰሶው፣ ወጋግራው፣ አግዳሚው፣ ክርኗን ያስደገፈችበት ባንኮኒ ሳይቀር በዚያ ሰው እጅ ያለፈ ነው።

ሸረፋ ከልጁ ጎን ተቀመጠ። ጠማማውን ሚስማር ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሁለት ሻይ» አለ። «በብርጭቆ።»

ደብሪቱ ልታቅፈው ፈልጋ ነበር፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጧልና እሷም ቀጥ አለች። ቢመጣም ባይመጣም ከዚህ አትነሳም። ነገም እዚህ ናት፣ ከነገ ወዲያም።

ብዙ ቆየ። በኋላ የማንቆርቆሪያው ክዳን ኳ ሲል ተሰማ። እትዬ ዓለምዘውድ ሁለት ብርጭቆ ሞላች፤ ግማሹ ሰሐኑ ላይ ፈሰሰ። አንዱን ሸረፋ ፊት፣ አንዱን ደብሪቱ ፊት አስቀመጠች። ቀና ብላ አላየቻቸውም። ልትመለስ ስትል ደብሪቱ ጠራቻት።

«እትዬ!»

«ምን ፈለግሽ ደግሞ?»

ደብሪቱ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የሃሊማ ቀዝቅዟል፤ ይቀየርላት።»