የሶፋ ሌዘር የለበሰው ድራም

ሶፋ ሠሪው ፀጉሩን መቆረጥ የተወው በልጁ ምክንያት ነው። ፀጉሩ ጆሮውን አልፎ አንገቱ ላይ ሲደርስ ሚስቱ፣ «ፀጉር ቤቱ እኮ ከሱቅህ ፊት ለፊት ነው፤ መንገድ መሻገር አቃተህ?» አለችው። ጊዜ የለኝም አላት። ውሸቱን ነው። ጊዜማ ሞልቶታል፤ እግሩ ነው እንቢ ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ በወጣትነቱ አንድ ባንድ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር። ባንዱ ሲበተን ድራሙን ሸጦ መቀስ ገዛ። እጁ ግን አመሉን አልተወም፤ ደንበኛ ሲጠፋ የቅባት ቆርቆሮዎቹን ደርድሮ በማበጠሪያ ይመታል። የሶፋ ሠሪው ልጅ አንድ ቀን ይህን ሰማች። ሰፈሩ «ዶፍ» ይላታል፤ እጇና እግሯ ዝም ብለው መቀመጥ የማያውቁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አባቷ ሱቅ ስፖንጅ ክምር ላይ ተጋድማ፣ የመዶሻውን ድምፅ እየሰማች የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እንቅልፍም የሚጥላት እዚያው ነበር። አሁን ቦርሳዋን በሩ ላይ ትወረውርና መንገዱን ትሻገራለች።

ማታ ራት ላይም ወሬዋ ሁሉ «ጋሼ» ነው። ጋሼ እንዲህ አለኝ፣ ጋሼ እጄን እንዲህ ያዘኝ፣ ጋሼ ምት ከትከሻ ይጀምራል ይላል።

«ጋሼ ራቱንስ በምት ነው የሚያላምጠው?» አለ አባት።

እናትና ልጅ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ቀንቷል። በሚስቱ ቀንቶ የማያውቅ ሰውዬ በልጁ ቀና፤ ያውም ከሰው ሳይጣላ ቆርቆሮ በሚመታ ጎረቤት። ይህን ለማን ይነግረዋል? ድራም ቤት ውስጥ ካለ ማን መንገድ ይሻገራል ብሎ አሰበና ሊገዛላት ወሰነ።

የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ውስጥ አንድ አዲስ ድራም ያብረቀርቃል። ዋጋውን ሲነግሩት የጠየቀው ሌላ ሰው ይመስል ዞር ብሎ ከኋላው አየ። ሻጩ ቀና ሰው ነበር።

«ለጀማሪ ልጅ አዲስ ምን ያደርግላታል?» አለው። «ያገለገለ ይሻላል። ቁመቷን የሚመጥን ትንሽ ይሁን፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ ይድረስ፤ ማቆሚያው አይወላገድ። ፊቱ ላይ የሚወጠረው ፕላስቲክ ቢቀደድ ግድ የለም፣ ይቀየራል። ብቻ የሚያውቅ ሰው ይዘህ ብትመጣ ጥሩ ነበር።»

«የሚያውቅ ሰው የለኝም» አለ ሶፋ ሠሪው፣ ያ የፀጉር አስተካካዩ ነጭ ጋውን ዓይኑ ላይ ድቅን እያለበት።

ከጓዳ አንድ ትንሽ ድራም ወጣለት። እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፣ እግሮቹን ነቀነቀ፣ ወደደው። ፊቶቹ ግን ተተርትረዋል። ሻጩ አዲሱን ፕላስቲክ ሊያወርድለት እጁን ወደ መደርደሪያው ሲሰድ፣ «እሱን ለእኔ ተወው» አለው። «ዕድሜዬን የፈጀሁት ስወጥር ነው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ግን አልቸኮለም፤ ተጠቦ ነው ያበላሸው። ከአንድ ሀብታም ሶፋ የተረፈውን ምርጥ ጥቁር ቀይ ሌዘር አወጣ። ዘመን ያመጣውን ሚስማር ተኳሽ ማሽን ስለሚንቅ፣ እንደ ልማዱ ጥቃቅኖቹን ሚስማሮች አፉ ውስጥ ጨምሮ አንድ በአንድ ከከንፈሩ እያወጣ መታቸው። ለጎረቤት እንዳይረብሽ ብሎ ውስጡን በስፖንጅ ጠቀጠቀው። ዳር ዳሩንም የጌጥ ገመድ አዞረለት። ሲጨርስ ከድራምነቱ ይልቅ ለእንግዳ የሚቀርብ በርጩማ ይመስል ነበር፤ ለእሱ ግን ከዚያ በላይ የሚያምር ነገር ዓለም ላይ አልነበረም።

ቅዳሜ ልጁን ጠራት፤ ማዶ ያለው ሰው እንዲሰማም የሱቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተ። ዶፍ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ዱላዎቹን አነሳች፣ መታች።

ዱፍ።

ፍራሽ እንደሚያራግፍ ሰው። ደግማ መታች። ዱፍ። አባቷን አየችው።

«ያምራል አባዬ» አለች።

ልጅ ለአባቷ ስታዝን ማየት ከስድብ ይብሳል። «ጋሼን ልጥራው?» አለችው። «አያስፈልግም» አላት። እሺ አለች። ከዚያ ቀን በኋላ መንገዱን አልተሻገረችም። ስፖንጁ ላይ ተጋድማ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ጠረጴዛ አትመታም፣ ብርጭቆ አትመታም። እሱ የፈለገው ይህንኑ አልነበር? ዶፉ አባርቶ ቤቱ ጭር ሲልበት ግን አልቻለም። አንድ ጠዋት ራሱ መንገዱን ተሻገረና ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ፀጉር ነው?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ፀጉርም፤ ሌላም።»

ነገረው። ሰውየው መቀሱን አስቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ሌዘር? የሶፋ?»

«ጥሩ ሌዘር ነው» አለ ሶፋ ሠሪው።

«አይጠረጠርም። ስፖንጁን አውጣው፣ ፕላስቲኩን እናልብሰው፤ አብረን እንሠራዋለን።» ዓይኑን ጠረገና ወደ ፀጉሩ ተመለሰ። «ልጅህ እኮ ጆሮ አላት። አንድ አመል ብቻ ሊለቃት አልቻለም። ያልሞከርኩት የለም።» ማበጠሪያውን አንስቶ ቆርቆሮውን መታ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቋ። ቆመ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቋ። ቆመ። «ሰማህ? ከሦስተኛው በኋላ ቀጥ ትላለች። እዚያ ጋ ምንም የለም። ከየት እንዳመጣችው እንጃ።»

የሶፋ ሠሪው እጅ ከጨርቁ ሥር ወጥቶ ከንፈሩን ነካ።

«ሚስማር አለ» አለ።

«ምን?»

«እዚያ ጋ። ሚስማሩን ከአፌ የማወጣበት ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ ቀረ። መንገድ ማዶ ያለውን ያንን መዶሻ ስንት ዓመት ሲሰማው ኖሯል። «ምቱን ይዛው ነው የመጣችው በለኛ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የሰጠኋት መስሎኝ።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከከንፈሩ አላለፈም። ሰውየው ልጅ የለውም። ሶፋ ሠሪው መስታወቱ ውስጥ ያንን ፊት አየና ወዲያው አወቀው፤ እሱ ራሱ ስንት ወር ሙሉ ለብሶት የከረመው ፊት ነው። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ። ደስ አለው፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለው። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም።

«ብትተወው ነው የሚሻላት?» ሲል ጠየቀ።

«ካልተወችው ከሰው ጋር መምታት አትችልም።»

ሶፋ ሠሪው ከልጁ ላይ የእሱ የሆነ አንድ ነገር አገኘ፤ ያገኘውም ሊነጠቅ ነው፤ የሚነጥቀውም ይኸው ሰው ነው። «አስተዋት እንግዲህ» አለ በመጨረሻ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ዶፍ ስፖንጁ ላይ ተጋድማ ሳለ፣ ሶፋ ሠሪው በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ሚስማሮቹን አፉ ውስጥ አልጨመረም። አስቀድሞ ሌዘሩ ላይ በጣቱ ተራ በተራ ተከላቸውና መዶሻውን አንስቶ ያለ ማቋረጥ መታ፤ ልጁ ቢያንስ ከዚህ ወዲያ የምትሰማው ደህናው ምት ይሁን ብሎ ነው። ጠቅ ጠቅ ቋ፣ ጠቅ ጠቅ ቋ። ረድፉ ተወላገደ፤ አውራ ጣቱንም መታው።

ዶፍ ከደብተሯ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ምቱ ጠፋብህ እኮ» አለችው፣ ከልቧ አዝና። «ጋሼ ጋ ብትሄድ ያስተካክልልሃል።»

አፉ ባዶ ስለነበር ለመሳቅ አልተቸገረም።