ድፍኑ ሽፋን

ባስልኤል እጁ ወርቅ ነው። ይህን ራሱም አሳምሮ ያውቃል፤ ጉድ የሠራውም ማወቁ ነው።

በሚኖርበት የብርድ አገር፣ ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው ጎዳና አጠገብ ባለው አሮጌ ሕንፃ ማሞቂያው በተለቀቀ ማግስት፣ ዳዴ ትታ መራመድ የጀመረችው ልጁ ሐሴት በሳሎኑ መስኮት ሥር ያለውን፣ ቤቱን የሚያሞቀውን የብረት ራዲያተር በመዳፏ ጨበጠችው። ቃጠሎው ቀላል ነበር፤ ጩኸቷ ግን ሦስት ፎቅ ወረደ። ሚስቱ ኤፍራታ ዛሬውኑ ሽፋን ካልተገዛ ስትል ባስልኤል ተቆጣ። ኖርዝ ዮርክ ባለ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ቀኑን ሙሉ የሰው ኪችን ሲገጥም የሚውል ሰው፣ ለገዛ ቤቱ የቆርቆሮ ሽፋን ሊገዛ!

"እኔ እያለሁ? ሼም ነው፤ ራሴ ፊክስ አደርገዋለሁ" አለ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየቆየ ሠራው። ችግሩ፣ ሙያውን አዲስ አበባ የተማረው በቡፌና በቁምሳጥን ነው፤ ራዲያተር ሲባል የሚያውቀው የመኪናውን ነበር። እናም ሽፋን ሥራ ሲሉት ቡፌ ሠርቶ ቁጭ አለ። ፊቱ ድፍን ሆኖ ሐረግ የተቀረጸበት፣ ላዩ በወፍራም ጣውላ የተከደነ፣ ቫርኒሹ መልክ የሚያሳይ። አብሮት የሚሠራው ሰላሙ "ፍርግርግ አድርግበት እንጂ፤ ሙቀቱ በየት ይወጣል?" ቢለው፣ "ፍርግርግማ ለዶሮ ቤት ነው" ብሎ ሳቀበት። ከሥር ጣት የምታስገባ ክፍተት ተወ፤ በቂ መሰለችው።

ያ ሳሎን ደግሞ የአማቱ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ መኝታ ነበር። ከደሴ የመጡት ኤፍራታ ሥራ ስትጀምር ሐሴትን ሊይዙ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊቆዩ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ስለሚያስቸግራቸው ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ወደ ራዲያተሩ አስጠግተው ይቀመጡ ነበር። ባስልኤል እናቱን በልጅነቱ ነው ያጣው፤ "እማማ" ሲላቸው ከአንጀቱ ነበር።

ሽፋኑ የተገጠመ ቀን ከመቀመጫቸው ተነሥተው መረቁት። "እጅህን ክፉ አይንካው ልጄ! እንዲህ ያለ ዕቃ ቤተ መንግሥትም የለ።" የማርያምን ሥዕል አስቀመጡበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር "አማቼ ነው የሠራው" ይላሉ፤ ባስልኤልም የማይሰማ መስሎ ይሰማል።

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ጋቢ ደረቡ። በኅዳር ካልሲ በካልሲ ላይ አደረጉ። "ይበርድዎታል እንዴ እማማ?" ሲላቸው፣ "ኧረ የምን ብርድ! ልማድ ሆኖብኝ ነው" ይሉታል። አማት ለአማቿ ሥራህ አስቸገረኝ እንደማትል ያደገበት ነገር ነው። ግን ማመኑ ስለተመቸው አመነ።

በጥር "የማኅበር ተራዬ ደርሷል" ብለው ወደ ደሴ ሊመለሱ ተነሡ። ሌላ ሰው ይደግስልዎ ቢባሉ፣ ቢለመኑ፣ አሻፈረኝ አሉ። ኤፍራታ አለቀሰች። ባስልኤል ግን ተቀየማቸው፤ ከልጅ ልጃቸው ማኅበር በለጠባቸው ብሎ፣ ኤርፖርት ላይ እንኳ ቅዝቅዝ ብሎ ሸኛቸው። ዛሬ ይህችን ሲያስባት መግቢያ ያጣል።

በሄዱ በሳምንቱ ሐሴት ማሳል ስትጀምር፣ ኤፍራታ ሳሎኑ አይሞቅም ብላ የሕንፃውን ጥገና የሚከታተለውን ጠባቂ ኮል አደረገች። ሰውየው መጥቶ ከባስልኤል ጋር ሽፋኑን ሲያነሡት ሙቀቱ ፊታቸውን መታቸው። ከሥሩ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ የሱፍ ካልሲ ተገኘ። ማታ ማታ በዚያች ክፍተት እየከተቱ ሲያሞቁት ኖረዋል።

"ማሞቂያው ደህና ነው" አለ ጠባቂው። "የዘጋው ይሄ ሣጥን ነው። ከፊትም ከላይም ክፍት መሆን ነበረበት። እዚህ የሚተኛ ሰው አለ?"

"የለም" አለ ባስልኤል።

ሰውየው እንደወጣ ደሴ ደወለ።

"እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምኑን ልጄ?"

"ብርዱን።"

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ "ሁለት ሳምንት እራትህን በወጉ ሳትበላ የሠራኸውን? እንዴት ብዬ ላሳፍርህ! ብናገር ታፈርሰው ነበር" አሉ።

"አፈርሰው ነበራ! አሁንም እከፍተዋለሁ። ብቻ ይመለሱልኝ።"

"የለም ልጄ። ጉልበቴ ደረጃም እምቢ ብሎኛል። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይሮፕላን አይታሰብም ብሏል። ይልቅ እንዳትነካው፤ ያምራል።"

አልሰማቸውም። በዚያው ምሽት ሐረጉን መሐል ለመሐል በመጋዝ ከፈተው፤ የላዩን ጣውላም በሳው። ሳሎኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞቀ። ሐሴት ሹራቧን አውልቃ የአያቷ አልጋ ላይ ስትዘል፣ ባስልኤል መጋዙን እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።