ሌባም ባለቤትም ያልነቀለው ቻርጀር

ባለቤቴ ጉተማ የኤሌክትሪክ መኪናዋን ይዞ የመጣ ዕለት ለሰፈሩ ሰው ሲያስረዳ ዋለ። ቻርጀሩ ሲሰካ መኪናዋ ራሷ ጥርቅም አድርጋ ትቆልፈዋለች፣ ሌባ ሊነቅለው አይችልም፣ ይላል። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁና፣

«እኛስ መንቀል ቢያቅተን?» አልኩት።

ሳቀ። ከበውት የቆሙት ወንዶችም ሳቁ። «ሴት ምን ታውቃለች» የሚለውን ሳቅ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬበታለሁና፣ ከሩቅ እለየዋለሁ። ሴቷ ግን አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ደግሞም አንድ ዕቃ ቤቷ ሲገባ መጀመሪያ የምታስበው እንዴት እንደሚበላሽ ነው። በሽታ ነው ይሉኛል። ይሁን።

መኪናዋ በመጣች በሳምንቷ ሙሉ ልብስ ለበሰች። ወንበሮቿ ከፋብሪካ የመጡበት ፕላስቲክ ሳይወልቅ በላዩ ቆዳ ተደረበ። መሪዋ ለበሰ። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ሳይቀር ከወለሉ እስከ ጎንና ጎኑ በቡናማ ቆዳ ተለብጦ በማስቲሽ ተጣበቀ። የመመሪያ መጽሐፏም እንደታሸገች ከቤቱ ካርታ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባት። እኛ ዘንድ የተወደደ ዕቃ ይሸፈናል፣ በጣም የተወደደ ይቆለፍበታል፤ የሚነበብ የለም።

በሐምሌ መጀመሪያ ልጃችን ሲፋን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደረሰባት። ተፈታኞቹ መሪ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤቷ ግቢ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተገኝተው፣ ስም ተጠርቶ፣ በአውቶቡስ ወደሚፈተኑበት ዩኒቨርሲቲ ይወሰዳሉ። ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ይቀራል። የቀረ ደግሞ ዓመት ይጠብቃል። በዚያ ላይ የሲፋን ግራ እግር ጀሶ ውስጥ ነው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከጓደኞቿ ጋር «አእምሯችንን እናናፍስ» ብለው እንጦጦ ወጡ። ዝናብ የመታው የባሕር ዛፍ ቅጠል አንሸራተታትና ቁርጭምጭሚቷን ሰበረች። አትሂጂ ብያት ነበር። አእምሮዋ ተናፍሶ፣ እግሯ ተሰብሮ፣ በሰው ጀርባ ወረደች።

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው ቁልቁለት በክረምት ፍየል የሚያንሸራትት ነው። በጀሶና በክራንች የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ተስፋችን መኪናዋ ነበረች።

በዋዜማው ማታ ጉተማ ቻርጀሩን ሊሰካ ሲወጣ ተከተልኩት።

«ስንት ላይ ነች?»

«ሰባ በመቶ።»

«መሪ ደርሶ ለመመለስ ሰባ አይበቃም?»

«አንቺ ደግሞ! መቶ ትሙላ እንጂ። ልጄን በጎደለ መኪና አልወስዳትም።»

ሌሊቱን መብራት ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። እኔም ከመብራቱ ጋር ስነቃና ስተኛ አደርኩ። በአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሻንጣዋን፣ ብርድ ልብሷንና በፌስታል የጠቀለልኩላትን ቆሎ ኋላ ወንበር ላይ ጫንኩ። ሲፋን በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ዝናቡ ያካፋል። መኪናዋ መቶ ሞልታለች። ጉተማ ቁልፉን ተጫነ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ ቻርጀሩን ያዘና ሳበ።

አልመጣም።

ቆለፈ፣ ከፈተ፣ ሳበ። አልመጣም። ሞተሯን አስነሳ፣ አጠፋ፣ ሳበ።

«ትንሽ በርዷት ነው» አለ፣ ስለ አራስ ሕፃን እንደሚያወራ ሰው።

ሌባ አልነቀለውም፤ እውነቱን ነው። ባለቤቱም አልነቀለውም። ቻርጀር ተሰክቶባት ደግሞ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። በጎደለ መኪና አልወስድም ያለው ሰውዬ በሞላች መኪና ግቢው ውስጥ ተገትሮ ቀረ።

የሸጠለት ሰው ጋ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። እኔ ታክሲ ጋ ደወልኩ። አንደኛው አርባ ደቂቃ አለኝ። ሁለተኛው አስፋልቱ ዳር ቆሞ ዳገቱን አየና፣ «እናቴ፣ የኔ መኪና እዚህ አይወጣም፤ ልጅቷን አውርጂያት» ብሎኝ፣ በሰው ተሸክመን እንድናወርዳት ስንማከር ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። ጀሶው ከረጠበም ሟሙቶ አጥንቷ እንደገና እንደሚለያይ ታየኝ።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ጋሽ ሀብተወልድ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ገቡ። ሰላሳ ዓመት የነዳጅ ቦቴ የነዱ ጡረተኛ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና ሁሉ ለእሳቸው መጫወቻ ነው።

«ምን ሆነች? ሞተች?»

«አልሞተችም፣ ጋሼ። ቻርጀሩ አልለቅ ብሎ ነው» አለ ጉተማ።

«እኔ ተናግሬ ነበር! መኪና ማለት ድምፅ አለው፣ ሽታ አለው። ይሄ እኮ ፍሪጅ ነው። ጎማ የተገጠመለት ፍሪጅ!»

«ፍሪጅ ከሆነማ ፋኑኤል ይጠራ» አልኩ፣ በንዴት። ጉተማ የምር አደረገውና ጠራው።

ፋኑኤል ታች መንገዱ ላይ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚጠግን ነው። ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ነገር «ቀላል ነው» ይላል። ባለፈው ዓመት የኛን ቴሌቪዥን ቀላል ነው ብሎ ወስዶ፣ ድምፅ ብቻ የምታወጣ ሬዲዮ አድርጎ መልሶልናል። ካቻቪቴና ፒንሳ ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት የተሰካበትን ቦታ አየ።

«ቀላል ነው። ሲስተሟ ሃንግ አድርጎ ነው። አንዴ በሀይል ከተሳበ ይወጣል።»

ሦስቱም ተደራጁ። ፋኑኤል ቻርጀሩን ያዘ፣ ጉተማ የፋኑኤልን ወገብ ያዘ፣ ጋሽ ሀብተወልድ ጃንጥላውን ያዙ። «ሆ!» ብለው ሳቡ። መኪናዋ ተወዛወዘች እንጂ ቻርጀሩ አልተነቃነቀም። ከሁለተኛው «ሆ!» በኋላ የፈላ ውኃ እናፍስበት ተባለ። ከሦስተኛው በኋላ በመዶሻ ከጎኑ መታ መታ እናድርገው ተባለ። አንድ ሰዓት ከአምስት ሆኗል።

«ምን ታለፋላችሁ!» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ። «መጥረቢያ አምጡና ገመዱን ቁረጡት! ልጅቷ ትሂድ!»

«ግድግዳው ላይ ኤሌክትሪክ እንደተሰካ?» ጮህኩ። «ሦስት ሬሳ በአንድ ቀን ከዚህ ግቢ ሊወጣ ነው? ዕድሩ ያለው አንድ ድንኳን ነው!»

ሮጬ ሄጄ ከቆጣሪው ስር ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ጥርቅም አድርጌ አጠፋሁት። ውኃና መዶሻ ሲመኙ ከነበሩት ከሦስቱ ወንዶች አንዱም ይህን አላሰበም።

«መብራቱን ለምን አጠፋሽ?» አለ ጉተማ።

«እንድትኖር።»

ሲፋን በረንዳው ላይ ሆና በስልኬ መፍትሔ ልትፈልግ ትሞክራለች፤ ኢንተርኔቱ ይሽከረከራል እንጂ አይከፍትም። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም።

«እማ፣ የመኪናዋ መጽሐፍ አለ አይደል?»

«አለ። ከቤቱ ካርታ ጋር።»

«ተይው እባክሽ» አለ ጉተማ። «በቻይንኛ ነው የተጻፈው። ቻይንኛ ጀመርሽ እንዴ?»

«ሥዕል አይኖረውም?» አለች ልጄ።

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የመጽሐፏን ፕላስቲክ በጥርሴ ቀደድኩት። ጽሑፉ የሸረሪት ድር ነው፤ ሥዕል ግን ሞልቶታል። ከሲፋን ጋር በሁለት እጅ ገለጥነው። መካከሉ አካባቢ በተሰካ ቻርጀር ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ገጽ አገኘን። ሦስት ሥዕል አለው። በመጀመሪያው የግድግዳው ኤሌክትሪክ ጠፍቷል። በሁለተኛው የኋላ ዕቃ መጫኛው ተከፍቶ በቀኝ ጎኑ ላይ ትንሽ ክዳን ይታያል። በሦስተኛው ክዳኑ ተነስቶ አንድ እጅ ቀጭን ገመድ ይስባል፣ ቻርጀሩም ይወጣል። ልጅ የሚገባው ነገር ነው። ለልጄም ገባት።

«አባ! በእጅ መክፈቻ አላት! ከኋላ፣ በቀኝ በኩል!»

የኋላውን ከፈትን። ቡናማ ቆዳ። ከጎን እስከ ጎን ቡናማ ቆዳ፤ ክዳን የለ፣ ገመድ የለ።

«ይኸው፤ የለም» አለ ፋኑኤል። «መጽሐፉ የሌላ ሞዴል ነው። ቀላል ነው፣ መዶሻውን…»

«ዝም በል አንተ!» አልኩት። ቆዳውን በመዳፌ እየተጫንኩ በቀኝ በኩል ዳበስኩ። ድንጋይ እንደ መዳሰስ ነው፤ ድርቅ ያለ። አንድ ቦታ ላይ ግን ጣቴ ገባ አለ፤ ከስሩ መዳፍ የምታክል ጎድጓዳ ነገር አለች። ያኔ ንዴቴ ገነፈለ። ባለቤቴን ከእግር እስከ ራሱ አየሁት።

«የሰው ልጅ የመውጫ በሩን በማስቲሽ ይለጥፋል? የትኛው ሊቅ ነው ይህን የደፈነው?»

ጉተማ አልተቆጣም። ዝናቡን ከፊቱ ጠረገና ቀስ ብሎ፣

«የፋሲካው በግ» አለኝ።

«ምን?»

«"በጉን ስትጭነው ይሸናል፣ ሽንቱ ባትሪው ውስጥ ይገባል፣ ከነበጉ እንደ ቆሎ እንቆላለን" ያለው ማን ነው? እኔ ወንበሩ ይበቃል አላልኩም? የቆዳ ሠራተኛው ላይ ቆመሽ "ጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳትተው" ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ጋሽ ሀብተወልድ ጃንጥላቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲፋን እንኳ በረንዳው ላይ አፏን ያዘች።

አስታወስኩ። ይባስ ብሎ የሠራተኛው ድምፅ መጣብኝ። «እትዬ፣ እዚህች ጋ ትንሽ ክዳን ነገር አለች፤ ልተዋት?» ብሎኝ ነበር። «ውኃ የሚገባው በቀዳዳ ነው፤ ድፈናት!» አልኩት። በጉ ከየካ አባዶ እስከ ቤታችን ደረቱን ነፍቶ በቆዳ ላይ ተንፈላሶ መጣ። ጠብታ አልሸናም።

ኩሽና ገብቼ የሽንኩርቱን ቢላ አመጣሁ።

«ቆዳዬን!» አለ ጉተማ።

«ልጅህን ወይስ ቆዳህን?»

ጎድጓዳዋን ተከትዬ በሦስት በኩል ሰነጠቅሁት፤ ማስቲሹ እንደ ቁስል ቅርፊት እየተላቀቀ መጣ። ክዳኗ እዚያው ነበረች። በቢላው ጫፍ አነሳኋት። ከውስጥ ጫፏ ላይ ቀለበት ያላት ቀጭን ገመድ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ገመዷ ብትበጠስስ? ተበጥሳ እጄ ላይ ስትቀር፣ ሲፋን ዓመቱን ሙሉ በዚያ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ታየኝ።

«ፋኑኤል፣ ቻርጀሩን ያዘው። በቀስታ። ሆ የሚባል ነገር የለም።»

ሳብኩ። ምንም። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ሳብኩ። ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ፋኑኤል ቻርጀሩን ይዞ ጭቃው ላይ በቂጡ ተቀመጠ።

«ቀላል ነው ብዬ ነበር» አለ፣ ተቀምጦ።

አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል። የሲፋንን ጀሶ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ አባቷ አቅፎ አስገባት። ጉተማ በመገናኛ በኩል ነዳ። እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ የትራፊክ መብራት ላይ ሰዓቱን ከእጄም ከመኪናዋም አያለሁ። እንዲያ ስንል መሪ ደረስን። ግቢው በጃንጥላ ተሞልቷል፤ አውቶቡሶቹ ሞተራቸውን አስነስተዋል፤ አንድ መምህር ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኖ ስም ይጠራል።

«ሲፋን ጉተማ!»

ጉተማ ገና ፍሬን እየያዘ ነው። ልጄ በሩን ከፍታ በፌስታል የተጠቀለለ እግሯን ወደ ዝናቡ አወጣች።

«አቤት! አቤት! መጣሁ!»

ሁለት ጓደኞቿ ሮጠው መጥተው ደገፏት፤ እንጦጦ ይዘዋት የወጡት እነዚያው ናቸው። ልገላምጣቸው አስቤ ሳልገላምጣቸው ቀረሁ። አውቶቡሱ እስኪዞር ድረስ በመስኮት እጇን ታወዛውዝልን ነበር። ዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት ደረጃ ካለውስ፣ ብዬ አሰብኩ። ይኖረዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚሰጧት፣ አውቃቸዋለሁ።

ስንመለስ ጉተማ መኪናዋን አቁሞ የኋላውን ከፈተና የተቀደደውን ቆዳ አየ።

«ላስጠግነው?» አለ።

«እንዳትነካው።»

አሁን ፋኑኤል ሱቁ በር ላይ «የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ጋሽ ሀብተወልድ ታሪኩን ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሲያወሩ መጥረቢያውን ይዘሉታል፤ በጉን ግን አይዘሉትም። እኔ እሁድ እሁድ የኋላውን ከፍቼ ገመዷ በቦታዋ መሆኗን አያለሁ። ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው፤ ስለዚህ የእንቁጣጣሽ በግ በእግሩ ይመጣል።